የቅጠሉ ጀርባ

ጠረጴዛው የሚታጠፍ ነው። ላዩ ላይ ነጭ ሳህን፣ ትንሽ ቢላ፣ መቀስ፣ አንድ ጥቅል ሶፍት፣ አፋቸው የሚዘጋ ላስቲኮች፣ ጠርዙ የተበላ ወፍራም መጽሐፍና በክር የተንጠለጠለ አጉሊ መነጽር አለ። ሳህኑ ነጭ የሆነው በምክንያት ነው። ቅጠል በላዩ ሲራገፍ የሚወድቀው ተባይ ከጤፍ ፍሬ ሊያንስ ይችላል። ነጭ ላይ ሲያርፍ ግን እግሩን ሲያንቀሳቅስ እንኳ ይታያል።

መነጽሩ አሥር እጥፍ ያጎላል። አያያዙን የማያውቅ ሰው ክንዱን ዘርግቶ መነጽሩን ወደ ቅጠሉ ያስጠጋና ከሩቅ ያያል፤ የሚያገኘው ብዥታ ነው። የሚያውቅ ሰው መነጽሩን ዓይኑ ሥር፣ ጣቶቹ ጉንጩን እስኪነኩ ድረስ ያስጠጋል። ከዚያ ቅጠሉን ወደ መነጽሩ ያመጣል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሲቀረው ምስሉ ይጠራል። አንዱ እጅ ጉንጭ ላይ፣ ሌላው እጅ በዚያኛው እጅ ላይ ይደገፋል። ሁለቱ ሲደጋገፉ መንቀጥቀጡ ይቀራል። ፊት ወደ ፀሐይ ይዞራል፤ የራስ ጥላ ቅጠሉ ላይ እንዳይወድቅ። ይህን ሁሉ ከልምድ የሚያደርግ እጅ አንድ ትንፋሽ አይፈጅበትም።

በሲያትልና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች፣ አትክልት በሚደርስበት ወራት፣ ገበሬዎች ምርታቸውን ይዘው በሚወጡባቸው ገበያዎች ዳር እንዲህ ያለ ጠረጴዛ ይዘረጋል። ከኋላው የሚቀመጡት ማስተር ጋርደነር የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኤክስቴንሽን ያሠለጥናቸዋል፤ እነሱም በምላሹ በየዓመቱ የተወሰነ ሰዓት ለሕዝብ ይሠራሉ። ጡረታ የወጣ መሐንዲስ አለ፤ ነርስ አለች፤ ቀን ቀን ቢሮ የሚውል የሂሳብ ሠራተኛ አለ። ምክራቸው በነጻ ነው። በጎነታቸው የታወቀ ስለሆነ እሱን እተወዋለሁ። እኔን የሚያቆመኝ አንድ ምክር በእጃቸው ላይ የሚሠራበት መንገድ ነው።

አንዲት እናት ከፒ-ፓች የጎመን ቅጠል በጋዜጣ ጠቅልለው መጡ። ፒ-ፓች ከተማው ለነዋሪው በመደብ እየከፈለ የሚሰጠው የጋራ የአትክልት ቦታ ነው፤ በ1973 እ.ኤ.አ. በፒካርዶ ቤተሰብ እርሻ ላይ ሲጀመር የቤተሰቡን ስም የመጀመሪያ ፊደል ወሰደ። ጎመኑ የአበሻ ጎመን ነው። ጠረጴዛው ጋ ያገኟት በጎ ፈቃደኛም የአገራቸው ልጅ ናት።

«ልጄ፣ ይኸው ክሽክሽ ፈጀብኝ። የሚረጭ ነገር ካለሽ ንገሪኝ።»

«እስቲ መጀመሪያ ልየው፣ እማማ። አረፍ ይበሉ።»

ቅጠሉን ወዲያው ገለበጠችው። በጀርባው፣ መሀለኛውን ጅማት ተከትለው፣ አመድ የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ግራጫ ክሽክሾች ተደርድረዋል። ያ አመድ ራሳቸው የሚያወጡት ሰም ነው። ውሃ ጠብ ሲልበት ተንከባሎ ይወርዳል፤ የሚረጭ መድኃኒትም ብዙ ጊዜ ዕጣው ይኸው ነው። እሷ ግን ብዙ የቆየችው ግራጫዎቹ ላይ አልነበረም። በመካከላቸው ያበጡ፣ የደረቁ፣ ቀለማቸው ወደ ቡናማ ያደላ፣ ቢነኩ የማይንቀሳቀሱ አሉ። ቅጠሉን ወደ ብርሃኑ አዘነበለችና መነጽሩን ለእናቲቱ አቀበለቻቸው። አያያዙንም አብራ አሳየቻቸው፤ ጉንጭ፣ እጅ፣ ከዚያ ቅጠል።

«ያበጡትን ያዩዋቸዋል? ጀርባቸው ላይ ምን አለ?»

«ቀዳዳ ነው እንዴ?»

ቀዳዳ ነው። ፍጹም ክብ ነው፤ ጠርዙ አልተቀደደም። በአንዳንዶቹ ላይ የተቆረጠው ክዳን ሳይወድቅ በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ይታያል። ቀዳዳውን የሠራችው ከሦስት ሚሊ ሜትር የማትበልጥ ተርብ ናት። እናትየዋ ተርብ የሆዷን ጫፍ በሰውነቷ ሥር ወደ ፊት አጥፋ በክሽክሹ ሰውነት ውስጥ አንድ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚወጣው ዕጭ ክሽክሹን ከውስጥ ይበላዋል፤ ቆዳው አብጦ ይደርቃል፤ በደረቀው ቆዳ ውስጥ ዕጩ ወደ ተርብነት ይለወጥና ክቡን በር ቆርጦ ይወጣል። በዚያ ቅጠል ላይ ከአሥሩ ሦስቱ ያህል እንዲህ ባዶ ቅርፊት ሆነዋል። ቅርፊቱ ገና ያልተበሳባቸው ደግሞ ተርቧን በውስጣቸው ይዘዋል ማለት ነው።

ምክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አይርጩ። ቢረጩ በላይ የምትዞረው ተርብ ቶሎ ታልቃለች፤ በቅጠሉ እጥፋት ውስጥ ያለው ክሽክሽ ይተርፍና ያለ ጠላት ይራባል። እጅግ የተወረሩትን ሁለት ሦስት ቅጠሎች ነቅለው ይጣሉ። የቀረውን ጠዋት ጠዋት በውሃ ቱቦ ከታች ወደ ላይ ይምቱት። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ይቀንሱ፤ ክሽክሽ የሚወደው ቶሎ ያደገ ለስላሳ ቅጠል ነው። በሳምንቱ ደግሞ ቅርፊቶቹን ይቁጠሩ። ከጨመሩ ሥራው በሌላ እጅ እየተሠራ ነው።

የሙያው ጫፍ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ልትገዙት የሚገባ ነገር የለም ብሎ ሰውን አሳምኖ ማሰናበት ከማዘዝ ይከብዳል። ሰው መፍትሔ የሚለው በእጁ ይዞት የሚሄደውን ነው። እናቲቱ ይዘው የሄዱት ማየትን ነው፤ ይህን ደግሞ ፒ-ፓች ላለችው ጎረቤታቸው ያሳዩአታል።

እርግጥ ምክር ብዙ ጊዜ ከመነጽሩ በፊት በጥያቄ ይጀምራል። ጥያቄዎቹ በቅጽ ላይ የታተሙ ናቸው፤ ነገር ግን ጥሩ አማካሪ ቅጹን አያነብም፤ ያወራል። ተክሉ በእርግጥ ምንድን ነው? ጤነኛው ምን ይመስላል? ጉዳቱ አንድ ተክል ላይ ነው ወይስ ሁሉም ላይ? ባንድ ሌሊት ታየ ወይስ ቀስ እያለ? የተለያዩ ተክሎች ጎን ለጎን በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት መልክ ከተጎዱ አብዛኛውን ጊዜ ሕይወት ያለው ነገር አልነካቸውም። ውርጭ ነው፣ ሙቀት ነው፣ ወይም ለሣሩ ተረጭቶ በነፋስ የመጣ የአረም መድኃኒት ነው። ተባይና በሽታ ግን ከአንድ ቦታ ይነሳል፤ ይመርጣል፤ እየተስፋፋ ይሄዳል፤ መስመሩም ቀጥ አይልም።

ከዚያ አዲሱ ቅጠል ነው ወይስ አሮጌው የሚለው ይመጣል። ተራ ጥያቄ ይመስላል። ናይትሮጅን ያነሰው ተክል ከአሮጌው ቅጠል እየነሳ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቢጫ የሚሆነው ከታች ያለው ነው። ብረት ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገባ በቀላሉ አይነሳም። ስለዚህ ብረት ሲያንስ የሚገረጣው አናት ላይ ያለው አዲሱ ቅጠል ነው፤ ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደሆኑ በመካከላቸው ያለው ይነጣል። በአንድ አጭር ጥያቄ ግማሹ ሰበብ ከጠረጴዛው ይወርዳል።

«ምን ረጭተው ነበር?» የሚለው መሀል ላይ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ላይ ከተጠየቀ ምርመራ ይመስልና ሰው «ምንም» ይላል። መጨረሻ ላይ ከተጠየቀ ደግሞ ብዙ ነገር ከተገመተ በኋላ ይሆናል። ስለ ውሃ ተጠይቆ ስለ ማዳበሪያ ሳይጠየቅ፣ በመካከል ሲጣል፣ እውነተኛው መልስ ይወጣል።

የማስተር ጋርደነር ሥራ የተጀመረው በዚሁ አካባቢ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1862 እ.ኤ.አ. በሞሪል ሕግ የግብርና ኮሌጆች የሚቋቋሙበትን መሬት ሰጠ፤ በ1914 በስሚዝ-ሌቨር ሕግ ደግሞ የኮሌጆቹ እውቀት ወደ ገበሬው የሚወርድበትን የኤክስቴንሽን አገልግሎት አቆመ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በሲያትልና በታኮማ የነበሩት የኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስልካቸው ከከተማ ጓሮ በሚመጣ ጥያቄ ተጨናነቀ። ዴቪድ ጊቢና ቢል ሺር የተባሉ ሁለት ሠራተኞች ጥያቄውን ራሳቸው ከመመለስ የሚመልሱ ሰዎችን ማሠልጠን ይሻላል አሉ። በ1972 በታኮማ የገበያ ማዕከል ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግተው ሞከሩት፤ በ1973 በኪንግና በፒርስ ካውንቲዎች የመጀመሪያዎቹ በጎ ፈቃደኞች ሠለጠኑ። ዛሬ በሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች አለ።

በነገራችን ላይ ይኸው የኮሌጅ ዓይነት ወደ እኛም መጥቷል። የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ በ1952 እ.ኤ.አ. ከኦክላሆማ የግብርናና የሜካኒክ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ሲመሠረት ማስተማር፣ መመራመርና ለገበሬው ማድረስ የሚሉትን ሦስት ሥራዎች አብሮ ነው የተረከበው። ገጠር ያደገ አንባቢ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሲል የሚያስበው ሰውና እዚህ ጠረጴዛ ጋ የተቀመጠችው ሴት የአንድ ሐረግ ልጆች ናቸው። የልማት ሠራተኛው ግን ደመወዝተኛ ነው፤ እሷ አይደለችም።

ቲማቲም ከሁሉ በላይ የሚመጣ ነው። ታችኛው ጫፉ፣ አበባው የረገፈበት ቦታ፣ ጠቁሮና ሰርጉዶ ይመጣል። የያዘው ሰው በሽታ ነው ብሎ ደምድሞ ነው የሚደርሰው። አንድ ሽማግሌ በጎ ፈቃደኛ ፍሬውን ሲቆርጡ አይቻለሁ። ወጥ የሚሠራ ሰው አግድም ይቆርጣል። እሳቸው ከእንጨቱ በኩል ጀምረው ወደ ታች፣ በቁመቱ ሰነጠቁት፤ ውሃ የሚሄድበት መንገድ በአንድ ገጽ እንዲታይ። ነጩ እምብርት ከላይ ተነስቶ እየቀጠነ ወርዶ ጥቁሩ ከሚጀምርበት ላይ ያልቃል። ጥቁሩ ደረቅና ቆዳማ ነው፤ ሽታ የለውም፤ በጥፍር ሲነኩት አይፈርጥም።

ሰበቡ ካልሲየም ነው፤ ነገር ግን አፈሩ ውስጥ አነሰ ማለት አይደለም። ካልሲየም የሚጓዘው ከውሃ ጋር ብቻ ነው፤ ውሃ ደግሞ የሚሄደው ብዙ ወደሚተንበት ወደ ቅጠሉ ነው። ፍሬው ድርሻው ትንሽ ነው፤ የፍሬው ጫፍ ደግሞ የመጨረሻው ተቀባይ ነው። ሦስት ቀን ደርቆ በአራተኛው ከተጥለቀለቀ ያ ትንሽ ድርሻ ይቋረጣል፤ ባልደረሰበት ሰዓት የተሠራው የፍሬ አካል ይፈርሳል። ረዘም ያሉት፣ ለድልህ የሚሆኑት ዓይነቶች በተለይ ይጠቃሉ። በማሰሮ የተተከለ ደግሞ አፈሩ ቶሎ ስለሚደርቅ ይብስበታል።

እዚህ ላይ የአገሩ ልጅ ላልሆነ ሰው አንድ ወጥመድ አለ። አገር ቤት ዝናብ በሚያጥለቀልቅበት በሐምሌና በነሐሴ ሲያትል ደረቅ ናት። ቀኑ ረዥም ነው፤ ዝናብ ሳምንታት ይጠፋል። እጁ ሐምሌን ከዝናብ ጋር ያያያዘ ሰው ውሃ ይዘነጋል። ሽማግሌው የሰጡት ምክር አጭር ነበር። በሳምንት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ውሃ፣ ተከፋፍሎ፣ በተወሰነ ቀን። በሥሩ ዙሪያ ገለባ ወይም የደረቀ ቅጠል ጉዝጓዝ፤ ግንዱን ሳይነካ። የጠቆረው ፍሬ ይለቀም፤ ጤነኛው ክፍሉ ተቆርጦ ይበላል። የእንቁላል ቅርፊት? ቅርፊት አፈር ውስጥ ለመበስበስ ረዥም ጊዜ ይፈልጋል፤ ለዘንድሮ ፍሬ አይደርስም። ኤፕሰም ሶልትስ? እሱ ማግኒዥየም ነው። የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ሊንዳ ቻከር-ስኮት እንዲህ ያሉ የጓሮ ወሬዎችን አንድ በአንድ ከጥናት ጋር ስታስተያይ ኖራለች፤ አፈሩ ማግኒዥየም ካላነሰው መጨመሩ አይረባም፤ ካልሲየም እንዳይገባም ሊሻማ ይችላል።

ጥቁሩ ከታች ሳይሆን ትከሻው ላይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ቡናማ፣ ጠንካራ፣ ቅባት የነካው የሚመስል ከሆነ፣ በቅጠሉ ጀርባም ጠዋት ነጭ ጸጉር ካለ፣ ምች ነው፤ ባለሙያዎቹ ሌት ብላይት የሚሉት። የአየርላንድን ድንች ከ1845 ጀምሮ ያጠፋው፣ በእኛ ደጋም በክረምት የድንች ማሳን የሚያነድደው እሱ ነው። ያኔ ምክሩ ተክሉን ነቅሎ በላስቲክ አስሮ ማስወገድ ይሆናል። ሁለቱ ጥቁረቶች በፍሬው ላይ የሚራራቁት አራት ጣት ያህል ነው፤ ምክራቸው ግን አይገናኝም።

ስለ ጤና አዳምም ይጠየቃሉ። እንዴት እንደሚተከል፣ ደረቅና ፀሐያማ ቦታ እንደሚወድ ይናገራሉ። ፈሳሹ ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘው ስለሚያቃጥል፣ ሲቆረጥ እጅጌ ረዥም ይለበስ ይላሉ። ለሆድ ሕመም ይሆናል ወይ ሲባሉ ግን ያቆማሉ። የዱር እንጉዳይ ይበላል ወይ ሲባሉም እንዲሁ። ወሰኑን ይዘው መቆማቸው ከሚያውቁት ነገር ሁሉ በላይ እንዳምናቸው ያደርገኛል።

የአፈር ናሙና አወሳሰድ የሚያስተምሩበት ቀን ራሱን የቻለ ነው። የፕላስቲክ ባልዲ ይዘጋጃል፤ የቆርቆሮ አይሆንም፤ ከቆርቆሮው ላይ ያለው ዚንክ ናሙናውን ያበላሸዋል። ላዩ ላይ ያለው ቅጠልና ሣር ይጠረጋል። አካፋው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይወርድና አንድ ጉድጓድ ይከፈታል። ከጉድጓዱ ግድግዳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ያለው አንድ ግልፋጭ ይወሰዳል። ከዚያ በቢላ ግራና ቀኙ ተቆርጦ ይጣላል፤ መሀሉ ላይ ያለችው ቀጭን ጥብጣብ ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች ሳትጎድል፣ ባልዲው ውስጥ ትገባለች። የላዩ አፈር ከበዛ ውጤቱ ያታልላል፤ የታቹም ከበዛ እንዲሁ። ይህ በመደቡ ላይ በዘፈቀደ ከ10 እስከ 15 ቦታ ይደገማል። በደንብ ይቀላቀላል። ጋዜጣ ላይ ተሰጥቶ በነፋስ ይደርቃል፤ ምድጃ ውስጥ አይገባም። ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው ሁለት ስኒ ያህል ነው።

መልሱ እስኪመጣ እጅ ብቻውን የሚናገረው አለ። እርጥብ አፈር በመዳፍ ይድቦለቦልና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ወደ ላይ ይገፋል። ጥብጣብ እየሆነ ይወጣል፤ በራሱ ክብደት እስኪሰበር ይጠበቃል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ሳይደርስ ከተሰበረ ሸክላው ጥቂት ነው። ከአምስት ሴንቲ ሜትር ከዘለለ ብዙ ነው፤ ውሃ ቀስ ብሎ ይጠጣል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል። ጭራሽ ጥብጣብ ካልወጣው አሸዋ ነው። ያው ጣት ስንት ቀን አንዴ ይጠጣ የሚለውን በከፊል መለሰ ማለት ነው።

ላቦራቶሪው የኮምጣጣነቱን መጠን ይነግራል። ዝናብ የሚበዛበት የዋሽንግተን ምዕራብ፣ እንደ እኛ ምዕራብ ደጋ፣ ካልሲየሙ ታጥቦ አፈሩ ይኮመጥጣል፤ መድኃኒቱም በሁለቱም አገር ኖራ ነው። ኖራ ዘገምተኛ ስለሆነ የሚነሰነሰው ከመትከያው ወራት አስቀድሞ፣ በመጸው ነው። ለጎመን የሚሆነው ኖራ ለብሉቤሪ ጥፋት ነው፤ እሷ የምትወደው ኮምጣጣውን ነው። ስለዚህ ናሙናው በየመደቡ ለየብቻ ይወሰዳል።

በታኮማ አቅራቢያ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። ሩስተን ላይ የነበረው የመዳብ ማቅለጫ ወደ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሲያጨስ በነፋሱ መንገድ ላይ አርሰኒክና እርሳስ ረጭቷል፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ቢዘጋም ከአፈሩ አልወጣም። ተራው የአፈር ምርመራ ይህን አይፈልግም። ለብቻው መጠየቅ አለበት። ጥሩ አማካሪ ቅጹ ላይ የሰፈሩን ስም ሲያነብ ነው ይህን የሚያነሳው።

የማይታወቅ ነገርም ይመጣል። መጽሐፉ ተገልጦ፣ ሁለት ሦስት ሰው አይቶት፣ መልስ ያጣ ቅጠል። ያኔ አማካሪዋ «አላወቅኩትም፤ እልከዋለሁ» ትላለች፤ አስተሻሸጉም ሙያ ነው። የሞተውን ቅጠል አትወስድም፤ የሞተ ቅጠል ላይ ዘግይተው የመጡ ሻጋታዎች ስለሚሰፍሩ ጥፋተኛውን ይሸፍኑታል። ጤነኛውና የታመመው የሚዋሰኑበትን፣ ግማሹ አረንጓዴ ግማሹ ቡናማ የሆነውን ትመርጣለች። በደረቅ ሶፍት ትጠቀልላለች፤ እርጥብ ከሆነ መንገድ ላይ ይበሰብሳል። ሥሩ ከተፈለገ ሥሩን ከነአፈሩ ለብቻ በላስቲክ ታስራለች፤ አፈሩ ቅጠሉ ላይ እንዳይፈስ። ቀኑን፣ የተክሉን ስም፣ የባለቤቱን መልሶች ላስቲኩ ላይ ሳይሆን በተለየ ወረቀት ትጽፋለች። ቀኑ ዓርብ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ ፖስታ ቤት የሚሄደው ሰኞ ጠዋት ነው።